በበጋ የሚከፈት ግድግዳ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በሠራሁባቸው ዓመታት ግድግዳ በተሰነጠቀ ቁጥር መጀመሪያ የሚታማው ሲሚንቶ ነበር። «ሲሚንቶውን በልተውት ነው» ይባላል። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ይታማል፣ ተቋራጩ ይታማል፣ ከሞተ የቆየው ግንበኛ ሳይቀር ይታማል። አፈሩን የሚያማ ሰው ግን አንድም አላጋጠመኝም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ወጥቶ ወረዳዎች ገና እየተለማመዱት የነበረበት ጊዜ ነው። አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ በምድብ «ሐ» ከትቶ ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ይጠይቅበት ነበር። እንዳይ የተላክሁት ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ግን ከአዋጁ በፊት በሕዝብ መዋጮ የተሠራ ነበር። በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ፣ ዋልካ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። ወሩ ግንቦት ነበርና መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአንዳንዱ ስንጥቅ እረኞች ዱላቸውን ሰደው ማን ይበልጥ እንዳስገባ ይፎካከሩ ነበር።

በዚያ አገር የድሮው ሰው ቤቱን የሚሠራው ጉብታ ላይ ነው። ሜዳው የጤፍ፣ የሽንብራና የጓያ ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ሲመጣ ግን የሚሰጠው ያው ሜዳ ይሆናል፤ መኪና ይገባበታል፣ ለመደልደልም አያስቸግርም። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሸፍን አፈር ስለሆነ ከእሱ ሸሽቶ መኖር አይቻልም። የጭቃ ቤት ሲሆን እንጨቱና ማገሩ አብሮት ይንቀሳቀሳል፤ ቢያዘምም በባላ ደግፎ ዓመታት ይኖሩበታል። ብሎኬት መተጣጠፍ አያውቅም፤ ይሰበራል።

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ስንጥቅ ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ጣሪያው ሥር ደርሷል። ከላይ ጣት ያስገባል፣ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ይጠፋል። ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ የሕንፃው ጫፍ ወደ ታች እየወረደ መሆኑን ይናገራል፤ ልስን ብቻ ሲሰነጠቅ የሚታየው እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን መስመር ነው። ነጭ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተን ከጥግ እስከ ጥግ ስንለካ በምሥራቅ በኩል ያለው ጥግ ሦስት ጣት ያህል ወርዷል። ከዚህ ሁሉ በላይ የረዳኝ ግን አንዲት መምህርት የመለሰችልኝ ነው። «በሩ መቼ መቼ ነው እምቢ የሚላችሁ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ከጥር ጀምሮ አይገጥምም፤ ነሐሴ ላይ ራሱ ደህና ይሆናል» አለችኝ። ሰርቆ የሚገነባ ተቋራጭ እንዲህ በወቅት የሚሄድ በር አይሠራም።

አብረውኝ የነበሩት ግንበኛ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ሁላችንም «አያ» እንላቸው ነበር። ከመሠረቱ ጎን ጉድጓድ አስቆፈሩ። የድንጋዩ ግንብ ከጉልበት እምብዛም ሳይጠልቅ አልቋል። ከሥሩ ያለው አፈር እንደ ደረቅ ጡብ የተፈረካከሰ ነው፤ በስንጥቆቹም መካከል ቀጫጭን የባሕር ዛፍ ሥር ተጠላልፏል። ዛፎቹ ከጥጉ አራት አምስት እርምጃ ርቀው በሰልፍ ቆመዋል። በሌላኛው ጫፍ ብንቆፍር አፈሩ እጅ ላይ ይለጠፋል፤ የውኃው ቦኖ እዚያ ነው፣ ቧንቧው ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። ጣሪያው አሸንዳ ስለሌለው የክረምቱ ውኃ ሁሉ መሠረቱ ሥር ይወርዳል። አንዱ ጥግ ሁልጊዜ ይጠማል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይጠጣል።

ርእሰ መምህሩ ግን ሲሚንቶ ገዝተው አስቀምጠዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ስንጥቁ ተደፍኖ ቀለም እንዲቀባ ይፈልጋሉ። አያ «መምህር፣ አሁን የሞላነው ሲሚንቶ ክረምት ግድግዳው ልዝጋ ሲል መሐሉ ቆሞ ይከለክለዋል፤ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ይሰነጥቅላችኋል» አሏቸው። ስንጥቁ እየቆየ የሚብሰውም በከፊል በዚሁ ነው፤ በበጋ ሲከፈት ጠጠርና አቧራ ይገባበታል፣ በክረምት እንደ ቀድሞው መዝጋት ያቅተዋል፣ በዓመቱ ትንሽ ጨምሮ ይከፈታል። ስለዚህ ግድግዳው ቢንቀሳቀስ እንዲያሳየን በስንጥቁ ላይ አግድም የጀሶ ልጥፍ አድርገን ቀኑን ጻፍንበት። የስንጥቁንም ጠባብ ጫፍ በእርሳስ ምልክት አደረግንበት። ሲሚንቶው ግምጃ ቤት ቀረ።

በዚያው ክረምት ስማዳ ወገዳ ላይ ያየሁት ቤት ዋልካ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ባለቤቱ ገደሉን ቆርሶ፣ የቆረሰውን አፈር ወደ ታች ገፍቶ፣ በተደለደለው ላይ ገነባ። የቤቱ ግማሽ በነባሩ መሬት፣ ግማሹ በልቅ ሙሌት ላይ ሆነ። ስንጥቁ ልክ በሁለቱ ድንበር ላይ ከወለል እስከ ቆርቆሮ ቀጥ ብሎ ወጥቷል፤ የወለሉ ሊሾም በዚያው መስመር ተከፍሏል። ዝናቡ በገባ ቁጥር ሙሌቱ ይቀመጣል እንጂ ተመልሶ አያብጥም። እዚያ ጀሶ ለጥፎ መጠበቅ ትርፉ ጊዜ ማባከን ነበር። የታችኛውን ግማሽ አፍርሰው ቆርቆሮውን ገፈፉና ቤቱን ወደ ነባሩ መሬት አሳጠሩት። ነፋስ መውጫ ላይ ደግሞ ጎረቤት የቆፈረው የሽንት ቤት ጉድጓድ የሱቅ ጥግ ሲያወርድ አይቻለሁ፤ እሱ የአጥር ክርክር ሆኖ ሽማግሌ ፊት ነው ያለቀው።

መስከረም ላይ ወደ እስቴ ስመለስ የጀሶው ልጥፍ ተሰብሯል፣ ስንጥቁ ግን ከግማሽ በላይ ገጥሟል፤ በሩም ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ክርክሩ ስለ ባሕር ዛፉ ሆነ። የወላጅ መምህራን ኅብረት ተሰበሰበ። አንድ አባት «ባሕር ዛፉ የትምህርት ቤቱ ባንክ ነው፤ ባንክ ይቆረጣል?» ብለው ተነሡ፤ ሐቃቸውን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነበር። ዛፉ ከሕንፃው በፊት የነበረ ቢሆን ኖሮ መቁረጡ ራሱ አደጋ ነው፤ ለዘመናት የደረቀው ዋልካ ውኃ እየጠጣ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ተጠየቀ፤ የተተከለው ክፍሎቹ ከተሠሩ በኋላ መሆኑን የተከሉት ሰዎች ራሳቸው መሰከሩ። ስለዚህ ቢቆረጥ አፈሩ የሚመለሰው ቤቱ ሲሠራ ወደነበረበት እርጥበት ነው። ለሕንፃው የቀረበው ሰልፍ ብቻ እንዲቆረጥ ተስማሙና አጣናው ተሸጦ አሸንዳና የቧንቧ ዕቃ ተገዛበት።

የወረደውን ጥግ ከሥር መደገፍ የግድ ነበር። አያ የግንቡን ርዝመት ከአንድ ሜትር ትንሽ በሚበልጥ ክፍል ከፋፍለው በኖራ ቁጥር ጻፉበት። የሚቆፈረው አንደኛው፣ ከዚያ አራተኛው፣ ቀጥሎ ሰባተኛው ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም። አፈሩ በበጋ ከማይሰነጠቅበት ጥልቀት በታች ጠንካራውን መሬት እስኪነካ ይወረዳል፣ ኮንክሪት ይሞላል፣ ኮንክሪቱ ሲጠና በእሱና በአሮጌው ግንብ መካከል የቀረው ክፍተት እርጥበቱ ባነሰ ሲሚንቶና አሸዋ በመዶሻ እየተጠቀጠቀ ይዘጋል። ይህን መጠቅጠቅ ለማንም አይሰጡም ነበር፤ ራሳቸው በደረታቸው ተኝተው ይሠሩታል።

በእረፍት ሰዓት ስለ ፒሳ ግንብ አወራኋቸው። በ1934 እ.ኤ.አ. በሙሶሊኒ ትእዛዝ መሠረቱ ውስጥ ሲሚንቶ ሲጨመርበት ይባስ ብሎ ማዘንበሉን ስነግራቸው ሳቁ፤ «እሱማ እኛንም ሊያቀና ብሎ ነበር» አሉ። ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ካላዘነበለበት ወገን ከሥሩ አፈር በጥቂት በጥቂቱ እየወጣ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ ቀና መባሉን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «የወረደውን አላነሡትም፤ ያልወረደውን አወረዱት በለኛ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህንኑ ያወሩ ነበር።

ቦይ ተቆፈረ፣ ቦኖው ወደ ሜዳው ታችኛ ጫፍ ተዛወረ፣ በሕንፃው ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ተደረገ። ስንጥቁ የተሞላው በሚቀጥለው በጋ ሳይከፈት መቆየቱ ከታየ በኋላ ነው፤ ያ ግምጃ ቤት የቆየው ሲሚንቶ ግን ደንድኖ ስለነበር ሌላ ተገዛ። በምዕራብ ክፍል ያለችውን አንዲት ቀጭን ስንጥቅ አያ እንዳትነካ አዘዙ። «ይህቺ በበጋ ትከፈታለች፣ በክረምት ትዘጋለች፤ አትለስኗት» ብለው ለርእሰ መምህሩ አሳዩአቸው። ርእሰ መምህሩ አልወደዱትም፤ ያም ሆኖ ሳይለስኗት ቀሩ።

የባሕር ዛፍ ጉቶ ግን ያቆጠቁጣል። በዓመቱ ብሄድ ቀንበጡ ከሰው ቁመት አልፏል፤ በቦታው የነበሩት አዲስ ርእሰ መምህር ደግሞ ለምልሞ በማየታቸው ደስ ብሏቸው በእሾህ አጥረውታል። ቀንበጡ እንዲመለመል፣ ጉቶውም ተነቅሎ እንዲወጣ ለወረዳው ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አንዱን ቅጂ ለኅብረቱ ሰብሳቢ ሰጠኋቸው።