ከእንጦጦ ግርጌ የወፍ ቆጠራ

ባለፈው ጥር አንድ እሑድ ማለዳ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ስምንት ተማሪዎቻችንን አስከትለን ከየካ ሰፈራችን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ አቀናን። ስንቃችን ዳቦና ሻይ፣ መሣሪያችን አንድ የተዋስነው የሩቅ ማያ መነጽር፣ ደብተርና እርሳስ ነበር።

እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ዳገቱን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን የመጣ ሲሆን ጥድና ወይራው ግን የአገሩ ናቸው። የቀበና ወንዝም ከዚሁ ተራራ ይነሣል። የወጣነው ለሽርሽር ብቻ ሳይሆን በወንዙ ዳር የሚያርፉ ስደተኛ ወፎችን ለመቁጠር ነበር።

ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ይካሄዳል። በአገራችን በ1966 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በዚህ ሥራ ሲሳተፍ ቆይቷል። ወሩ የተመረጠው በምክንያት ነው። ወፎቹ በጉዞ ላይ ሳሉ ቢቆጠሩ አንዷ ወፍ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች። በጃንዋሪ ግን የሰሜኑ ብርድ እስኪያልፍ ባረፉበት ረግተው ይገኛሉ።

ከድንጋይ ላይ ሆና ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ትንሽ ወፍ አየን። ኮመን ሳንድፓይፐር ትባላለች። የምትፈለፍለው በአውሮፓና በእስያ ነው።

«ይህች ሚጢጢ ያን ሁሉ ባሕርና በረሃ አቋርጣ?» አለ አንዱ ተማሪ። ሱብሐነላህ!

ስንመለስ ደብተሩን ብናይ ጸሐፊያችን «9» ብሎ አስፍሯል። ያየነው ግን 3 ነበር።

«ኡስታዝ፣ ሦስት ብቻ ይዞ መመለስ ያሳፍራል ብዬ ነው» አለን።

ቆጠራ ምስክርነት መሆኑን አስረዳነው። ዘንድሮ 3ቱን 9 ብንል፣ ለከርሞ 3 የሚያገኝ ሰው ወፎቹ አለቁ ብሎ ይደነግጣል። ወይም እውነተኛ መቀነስ ሲመጣ የሚያምነን አይኖርም። ልጁ አዳመጠና ሰረዘው። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ታችኛው፣ ቆሻሻ የተከመረበት ቦታስ? ምንም ስላላየን አልጻፍነውም እኮ» አለ።

እውነቱን ነበር። ሽታው አባሮን ሳንመዘግበው ያለፍነው እኛው ነበርን። ባዶም ቁጥር ነው፤ እንዲያውም ስለ ወንዙ ሕመም አብዝቶ የሚናገረው እሱ ነው። አፍረን ተመለስን፤ አፍንጫችንን ይዘን ከላይኛው ቦታ እኩል ጊዜ ቆየን፤ «0» ብለንም ጻፍን።

ውድ ወላጆች! እናንተም በጥር አንድ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ወንዝ ውረዱ። በየዓመቱ ያንኑ ቦታ በዚያው ሰዓት ቁጠሩ። ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። እኛም ኢንሻአላህ ለከርሞ ከዚያ «0» አጠገብ እንቆማለን።