መውጫ የሌለው ሐይቅ

ሐዋሳ ሄዶ ፍቅር ሐይቅ ዳር ያልተናፈሰ፣ አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ ያልቀመሰ ጥቂት ነው። ሐይቁ ውሃ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ እንደሌለው ልብ የሚል ግን ከዚያም ያነሰ ነው።

ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፤ የቀረው የክረምት ጎርፍና ዝናብ ነው። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 22 ሜትር አካባቢ። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ አብሮት የገባው ጨው ግን አይተንም። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ጎረቤቶቹ ሻላና አቢጃታ እንዲህ ሆነው ነው ጨዋማ የሆኑት። ሐዋሳ ቆሮሶና አምባዛ የሚረባበት ጣፋጭ ውሃ ሆኖ የቆየው ከሥር ቀስ እያለ ወደ ከርሰ ምድር ስለሚሰርግ እንደሆነ አጥኚዎች ያስረዳሉ።

እንግዲህ በዚህ ሐይቅ ተፋሰስ ውስጥ ነው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅና የአልባሳት ፋብሪካዎች የሚሠሩበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው። ጥጥ ሲቀለም ቀለሙ እንዲይዝ ብዙ ጨው ይጨመራል። በባክቴሪያ የሚሠራው የተለመደው ማጣሪያ ብስባሹን ይበላል፤ የሟሟውን ጨው ግን አይነካውም። ለዓይን የጠራ ውሃ ጨውን ይዞ ይወጣል። ወራጅ ወንዝ ቢሆን ወደ ታች ይገፋው ነበር። ሐዋሳ ወዴት ይግፋው?

ለዚህ ነው ፓርኩ ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ የሚባለው፣ አንድም ጠብታ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ የታሰበ ማጣሪያ የተሠራለት። አቅሙ በቀን 11 ሺህ ሜትር ኪዩብ ነው። ፍሳሹ መጀመሪያ በባክቴሪያ ይታከማል፤ ቀጥሎ በከፍተኛ ግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት ያልፋል። ንጹሑ ውሃ ተመልሶ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ወንፊቱ ያስቀረው ጨዋማ ውሃ ደግሞ እየፈላ ይተንና ደረቅ ጨው ይቀራል።

በፋብሪካ ፍሳሽ የቆሸሹትን የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ያየ ሰው የዚህን ውሳኔ ዋጋ ያውቃል። እዚያ ፋብሪካው ቀደመ፣ ስለ ወንዙ የታሰበው ኋላ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ማጣሪያው ከፋብሪካው እኩል ታሰበ። ሊመሰገን ይገባል።

ይሁን እንጂ ዜሮ አንዴ ተመርቆ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ውሃ መግፋትና ማፍላት ኃይል ይበላል፤ ኃይል ደግሞ ገንዘብ ነው። ወጪው በፋብሪካዎቹ ትከሻ ላይ ሲሆን፣ ፋብሪካዎቹ ሲቀንሱ ማን ይሸከመዋል? በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚያስገባውን የአጎዋን ዕድል አጣች፤ የፓርኩ ትልቅ ስም የነበረው የአሜሪካ የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች.ም ለቆ ወጣ። የገበያ ችግር የሐይቅ ችግር የሚሆነው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ደረቁ ጨውና ዝቃጩም ቦታ ይፈልጋሉ፤ ዝናብ ካገኛቸው ተመልሰው የሚሄዱት ወደዚያው ሐይቅ ነው።

ደግሞም የሐይቁ ዕዳ በፓርኩ አጥር ውስጥ አያልቅም። የከተማው ቤቶች ባብዛኛው የሚጠቀሙት የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የሞላ ጉድጓድ፣ የመኪና ማጠቢያ፣ ከእርሻ ታጥቦ የሚመጣ ማዳበሪያ፣ ከተራቆተ ተራራ የሚወርድ ደለል፣ ሁሉም መድረሻው አንድ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲበዛ አልጌ ይፈላል፤ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣው ኦክስጅን ያጣል። ድሮ የጥቁር ውሃን ደለል ያስቀር የነበረው ጨለለቃ ራሱ በደለል ተሞልቶ ከሐይቅነት ወደ ረግረግ ወርዷል። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ክፍያ ይሠራ የነበረ ማጣሪያ ነበር። ሚሊዮኖች አውጥተን ማሽን ስንተክል እሱን ግን በእርሻና በግጦሽ አጣበብነው።

ስለዚህ የሐዋሳ ልጆች፣ ሐዋሳን የምትወዱ ሁሉ፣ ጥያቄያችን ከ«ሐይቃችን ያምራል» ይለፍ። ማጣሪያው ዛሬ በሙሉ አቅሙ ይሠራል ወይ? ጨውና ዝቃጩ የት ነው የሚቀመጠው? ከየቤቱ ጉድጓድ የተመጠጠው ፍሳሽ የት ነው የሚደፋው? ጥቁር ውሃ ሐይቁ ሲገባ የሚለካው ውጤት በየወሩ ማንም ሊያነበው በሚችል ቦታ ይለጠፍ። ይህን የከተማውን አስተዳደርም የፓርኩን ኃላፊዎችም እንጠይቅ። መውጫ ለሌለው ሐይቅ የዘገየ ጥያቄ አይጠቅመውም።