ያለ ጉዳይ መሄድ

እኛ አገር ሰው ከቤቱ ሲወጣ ጉዳይ አለው። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ንግሥ፣ ፍርድ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የመሬት ጣጣ። ጎረቤት «ወዴት ነው?» ሲል መልስ ይጠብቃል። «ዝም ብዬ ነው» የሚል መንገደኛ ወይ የሚደብቀው ነገር አለ፣ ወይ ትንሽ ነክቶታል። ለሥራ ስዊዘርላንድ ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ባቡሩን ሞልቶ የማየው ሕዝብ በሙሉ «ዝም ብዬ ነው» ብሎ የወጣ ነው። ያውም በሕግ ተደግፎ። የእግር መንገድ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ገብቷል፤ በ1979 (ዓመቱንም ቀኑንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጽድቆታል። ምልክት የተደረገለት መንገዳቸው 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ የሚጓዘው ሰው ማንንም አይጠይቅም፣ ምንም አይገዛም፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ባቡር ጣቢያው ይመለሳል።

*

መንገዱ ላይ የተተከለው ቢጫ አመልካች ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረህ አይነግርህም። የሚነግርህ ሰዓት ነው፦ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደቂቃ። ስሌቱ በሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር በሚራመድ ሰው ነው፤ ዳገትና ቁልቁለቱ ታስቦ ይስተካከላል፤ ቁጭ ብለህ ያረፍክበት አይቆጠርልህም። አገር ቤት ገበሬ «እዚችው ናት» ብሎህ ግማሽ ቀን ታዘግማለህ። ሰውዬው ግን አልዋሸህም፤ ወኔህ እንዳይሰበር አዝኖልህ ነው። ቢጫው ብረት ለማንም አያዝንም። በተጻፈው ሰዓት ደርሼ አላውቅም፤ ሁለት ዱላ የያዙ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች ግን በሰላምታ አልፈውኝ ይሄዳሉ።

*

ስለ ሰላምታ ካነሳን፣ እዚህ አገር ሰላምታ የሚጀምረው አስፋልቱ ሲያልቅ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ሰዎች አሳንሰር ውስጥ ጫማችንን እያየን እንወርዳለን። እነዚያው ሰዎች ጫካ ውስጥ ቢያገኙህ በጀርመንኛው በኩል «ግሩዌትሲ»፣ በፈረንሳይኛው በኩል «ቦንዡር» ሳይሉህ አያልፉም። ከፍ ባልክ ቁጥር ፈገግታው ይጨምራል። የቡናውም ዋጋ እንደዚሁ።

*

ዓርብ ማታ ባቡር ውስጥ ሃያ ዓመት ቢሞላው የሚገርመኝ ልጅ የጦር ጠመንጃውን እግሩ መሐል አቁሞ ስልኩን ይጎረጉራል። ብሔራዊ ውትድርናው ላይ ነው፤ ለእረፍት ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ መሣሪያውም አብሮት ያርፋል። ሠረገላው ውስጥ ቀና ብዬ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አጠገቡ የተቀመጠችው አሮጊት የተበሳጨችው እግሩን ወንበር ላይ በመስቀሉ ነው።

*

የባቡር ጣቢያው ሰዓት ቀይ የሰከንድ ቆጣሪ አለው። ሃንስ ሂልፊከር የተባለ መሐንዲስ በ1944 የነደፈው ሰዓት ነው፤ ቀዩ ቆጣሪ ኋላ የተጨመረ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ቆጣሪው ዙሩን በ60 ሰከንድ አይጨርስም፤ በ58.5 ገደማ ይጨርስና አናቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከዋናው ሰዓት ምልክት ሲደርስ የደቂቃው ዘንግ ይዘላል፣ እሱም ጉዞውን ይቀጥላል። ቸኩሎ ደርሶ መቆምን ከዚህ አገር ሰዎች የተማረው ይመስለኛል፤ ቀጠሮ ቦታ አምስት ደቂቃ ቀድመው ይመጡና በሩ ላይ ቆመው ሰዓቱን ጠብቀው ያንኳኳሉ።

ይህን ያህል ለሰዓት መገዛት የሚያመጣውን ጣጣ ያየነው በእኛው አውሮፕላን ነው። የካቲት 17 ቀን 2014 ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር የነበረውን በረራ ረዳት አብራሪው ራሱ ጠልፎ ንጋት ላይ ጄኔቭ አሳረፈው። አጅበውት የነበሩት የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ናቸው። የስዊዝ አየር ኃይልስ? በዚያን ጊዜ የአየር ክልሉን በጄት የሚጠብቀው በመሥሪያ ቤት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ በምሳ ያቋርጣል፣ ማታ ይዘጋል። ዛሬ ሃያ አራት ሰዓት ነው የሚጠብቁት። ያኔ ግን ጠላት የሚመጣ ከሆነ ቢሮ ሲከፈት ይምጣ ማለታቸው ነበር። እኔ በበኩሌ የምሳ ሰዓቱን የሚያህል ድንቅ ነገር አልሰማሁም።

*

ዩንግፍራውዮኅ የሚባለው ቦታ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ባቡር ይወስድሃል። አይገርና ሞንኽ የሚባሉትን ሁለት ተራሮች ሰርስሮ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ በዋሻ ይወጣል። ያሰበው አዶልፍ ጉየር ዜለር የሚባል የዙሪክ ባለሀብት ነው። ሥራው የተጀመረው በ1896፣ ምኒልክ ዓድዋ ላይ በዋሉበት ዓመት ነው። በሰባት ዓመት ያልቃል ተብሎ አሥራ ስድስት ፈጀ፤ ባለሀብቱ በ1899 ሞተ፤ ድንጋዩን የፈለፈሉት ሠራተኞች አብዛኞቹ ጣሊያኖች ነበሩ። የተመረቀው በ1912 በብሔራዊ በዓላቸው ቀን ነው።

በዚያው ሰሞን ዙሪክ የተማረ ሌላ ስዊዛዊ የእኛን ባቡር ይዞ ይደክም ነበር። አልፍሬድ ኢልግ በ1854 ፍራውንፌልድ ተወልዶ፣ ገና በወጣትነቱ ሸዋ ገብቶ፣ የምኒልክ መሐንዲስም አማካሪም ሆነ። የባቡር መሥመሩ ፈቃድ በ1894 ለእሱ ተሰጠ፤ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ድሬዳዋ በ1902 ደረሰ፤ አዲስ አበባ በ1917። ኢልግ ዙሪክ ውስጥ በ1916 ስለሞተ አላየውም። ፍራውንፌልድ አንድ ቅዳሜ ሄጄ ነበር። ያነጋገርኳቸው ሰዎች ስሙን አያውቁትም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸውና የማላውቀውን ቤተ መንግሥታቸውን አሳዩኝ።

እንግዲህ የእኛ ባቡር ቡና፣ ቆዳ፣ ጨውና ሰው ጭኖ አገር ከባሕር ሊያገናኝ ተሠራ። የእነሱ ደግሞ ሰው በረዶ አይቶ እንዲመለስ ተሠራ። ጠቃሚው አርጅቶ ቆመና በ2016 በጎኑ ሌላ አዲስ መሥመር ተመረቀለት። ጥቅም የሌለው ዛሬም ይሠራል፤ በደህናው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያመላልሳል። አናቱ ላይ የኮሪያ ኑድል በፍል ውኃ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፤ ወረፋ አለው። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ ይባላል። ደብረ ብርሃን ላደገ ሰው ይህ ምክር ትንሽ ያስቃል። ራስ ዳሸን ከዚህ ጣቢያ በሺህ ሜትር ይበልጣል፤ ኑድል የሚሸጥበት የለም። ይሸጥበት ማለቴ አይደለም። ግን አንድም የሰሜን ሸዋ ዘመዴ «ሰሜን ተራሮችን ልይ» ብሎ ጓዙን ሲጠቀልል አላየሁም፤ ይህን ስል ራሴንም ጨምሬ ነው።

*

አክስቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ተራራ አሳየኋቸው፣ ሐይቅ አሳየኋቸው፣ ሻፍሐውዘን ወስጄ የራይንን ፏፏቴ አሳየኋቸው። ቁመቱ 23 ሜትር ነው፤ ዓባይን ለሚያውቅ ሰው አጭር ነው፤ ወርዱ ግን 150 ሜትር ነው፣ ውኃውም አይጎድልም። አክስቴ የትኬቱን ዋጋ ጠይቀው በብር አስመነዘሩኝ።

«ይኼ ሁሉ ገንዘብ ገደል ለማየት ነው?»

«እትዬ፣ ሰው ከዓለም ዳርቻ ነው የሚመጣው።»

«ገደሉማ ጣርማ በር ሞልቶ የለም እንዴ፣ ያውም በነፃ።»

መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ አይንዚድልን ይዣቸው ሄድኩ። ከዙሪክ ብዙ አይርቅም። በ934 የተመሠረተ የቤኔዲክታውያን ገዳም ነው፤ ሰፊ አደባባይ፣ ሁለት ማማ፣ ውስጡ ደግሞ ጥቁር ማርያም። አክስቴ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳዩ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ፈረንጆቹ በቦት ጫማ ሲገቡ አይተው ምንም አላሉም፤ ብቻ የራሳቸውን ጫማ ከሌላው ራቅ አድርገው አስቀመጡ።

የሥዕለ ቅርጹን ነገር ነገርኳቸው። የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን እንጨት ነው። የጠቆረችው በሻማና በመብራት ጢስ ነው ይባላል። የፈረንሳይ ጦር በ1798 ሲገባ መነኮሳቱ አሽሽተው ወደ ኦስትሪያ አሻገሯት። እዚያ የሚያድስ ሰው ጥቀርሻውን አጥቦ መልኳን ገለጠው፤ ምእመናኑ ግን አናውቃትም አሉ። ስለዚህ እንደገና ጥቁር ተቀባች። እኔ ይህን የምነግራቸው ሊደነቁ ነው ብዬ ነበር።

«ታዲያ ነጭ ሆና ብትመጣ ማን ብሎ ይሳለማት?» አሉ።

ከገዳሙ ፊት አሥራ አራት ቧንቧ ያለው ምንጭ አለ። ጌታ ከአንዱ ጠጥቷል፣ ከየትኛው እንደሆነ ግን አይታወቅም ይባላል፤ ስለዚህ ተሳላሚው ከሁሉም ይጠጣል። ለአክስቴ ይህን ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ አንዲት አሮጊት ስትዞር አይተው ከኋላዋ ተሰለፉ። አሥራ አራቱንም ቀመሱ፣ ሁለት ሃይላንድ ሞሉ፣ ንግሡ መቼ እንደሆነ አስጠየቁኝ። ማታ ስልክ ደውለው ለእህቶቻቸው ሲያወሩ ሰማሁ፦ የእመቤታችንን ገዳም ተሳልሜ መጣሁ። ስለ ተራራውም፣ ስለ ሐይቁም፣ ስለ ፏፏቴውም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጉዞ የተባለው ያ ብቻ ነው።

*

ከአገር ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጄኔቭ ሲደርስ ፓሌ ደ ናስዮን ፊት ለፊት ፎቶ ይነሳል። «ጃንሆይ የተናገሩበት» ብሎ ለዘመድ ይልካል። ጃንሆይ ሰኔ 30 ቀን 1936 ሲናገሩ ግን የዚያ ሕንፃ ትልቁ አዳራሽ ገና አላለቀም ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ የተቀመጠው ከተማው ውስጥ ባለ የምርጫ አዳራሽ ነው፤ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨታቸውን የለቀቁት እዚያ ነው። ያ ሕንፃ ኋላ ተቃጥሎ ጠፋ፤ ቦታው ላይ ዛሬ ኡኒ ዱፉር የተባለው የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ቆሟል። ኮንክሪት ነው፣ ግራጫ ነው፣ ፎቶ አይወጣለትም። እንግዶቼን አንድ ሁለቴ ወስጄ ነበር፤ ተማሪ ሲጋራ ሲያጨስ አይተው «እዚህ?» ይሉኛል። አሁን ትቼዋለሁ፤ ፓሌው ጥሩ አበባ አለው።

የጄኔቭን ስም ያስጠራው የሐይቁ ፏፏቴም ሌላ ጉዳይ ነበረው። በ1886 የውኃ ኃይል ማመንጫው ግፊት ሲበዛበት የሚያስተነፍሱበት ቀዳዳ ነበር። ሰው ቆሞ ሲያየው ጊዜ በ1891 ወደ ሐይቁ አዛውረው ጌጥ አደረጉት። ዛሬ 140 ሜትር ይወጣል።

*

ፉርካ በሚባለው መተላለፊያ አጠገብ የሮን በረዶ ግግር አለ። በበጋ ስትደርስ ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ ታገኘዋለህ። ግግሩ ውስጥ ለጎብኚ የተፈለፈለ ዋሻ ስላለ፣ ቶሎ እንዳይቀልጥ ነው የሚያለብሱት። ተራራ ጋቢ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት እዚያ ነው፤ ግን የሚንቀጠቀጠው ከሙቀት ነው። የዚህ አገር ግግሮች በ2022 እና በ2023 ብቻ ከነበራቸው አሥር በመቶውን አጥተዋል። መግቢያው ይከፈላል። ጨርቁ ተቀዷል፣ ከሥሩ ውኃ ይወርዳል፣ ሰዉም ወረፋ ይዞ ይገባል።

*

ላቮ፦ ከጄኔቭ ሐይቅ ዳር ተነስቶ ወደ ላይ በድንጋይ እርከን የተሠራ የወይን እርሻ። መነኮሳት ከአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን ጀምረው የካቡት ነው ይላሉ። ዩኔስኮ በ2007 መዘገበው። ኮንሶ በ2011 ተመዘገበ። ላቮን ሳይ ኮንሶ ትዝ ስላለኝ ሳይሆን፣ ኮንሶን አይቼ ስለማላውቅ አፈርኩ። የሰው እርከን አራት ጊዜ አይቻለሁ።

*

ከገበሬ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ አለ፤ እንቁላል፣ ድንች፣ የፖም ጭማቂ። ሻጭ የለም። ገንዘብ መጣያ ሣጥን ብቻ። ራቅ ብሎ የአበባ ማሳ፤ ቢላዋው በገመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ ቆርጠህ ትከፍላለህ። ከእኔ ጋር የነበረ ያገሬ ልጅ ዙሪያውን አማትሮ «ካሜራው የት ጋ ነው?» አለኝ። ፈልገን አጣነው። እሱ ግን እስካሁን አለ ብሎ ይከራከራል።

*

በርን ላይ በጋ ሲገባ ሰው አሬ ወንዝ ውስጥ ይዋኛል። ልብሱን ማርዚሊ በሚባለው መዋኛ ስፍራ፣ ከፓርላማው ግርጌ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በዋና ልብስና በባዶ እግሩ ዳሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲበቃው ዘሎ ይገባና ወንዙ ወደ ልብሱ ያመጣዋል። ክራቫት ያሰረና እርቃኑን የቀረ ሰው በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ፤ ማንም ማንንም አያይም። መውጫው ላይ ቀይ የብረት መያዣ አለ፤ የመጨረሻውን ከሳትከው ቀጥሎ ግድብ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በየዓመቱ ይጋብዘኛል። ውኃው ንጹሕ ነው፣ ጥልቀቱም አያስፈራም፣ መዋኘት ባትችልም እንኳ ተንሳፋፊ ትይዛለህ ይለኛል።

«ምንም ማድረግ የለብህም፤ ወንዙ ራሱ ይወስድሃል» አለኝ ባለፈው።

«የፈራሁትም እሱን ነው» አልኩት።