የአምስት ሺህ ዶላሩ ጊታር

ልጆች አድገው፣ አግብተውና ወልደው እንኳ ወላጅ ከሽምግልና አያርፍም። ባለፈው ዓመት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚኖረው የበኩር ልጄ የሄድኩት የልጅ ልጄን ልይ ብዬ ነበር። ሻንጣዬን ሳልፈታ የጠበቀኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጄ በእጅ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ጊታር ለማዘዝ 5 ሺህ ዶላር አጠራቅሟል። ምራቴ ደግሞ ‹‹ቤት ለመግዛት ሳንቲም በምንቆጥርበት ጊዜ ጊታር?›› ብላ አኩርፋለች። እሷ ‹‹እማማ፣ እርስዎ ይፍረዱን›› አለችኝ፤ እሱም ‹‹እማ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን›› አለ።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ከያዝኳቸው ልማዶች አንዱ ሳይመረምሩ መድኃኒት አለመስጠት ነው። ስለዚህ ከመፍረዴ በፊት ዕቃውን ልየው አልኩ። ሱቅ ውስጥ በ200 ዶላር የሚሸጥ ጊታር እያለ ሌላው 5 ሺህ፣ አንዳንዱም 10 ሺህና ከዚያ በላይ የሚያወጣው ለምንድን ነው? ጥያቄው ጊታር በሌለበት ቤትም አለ። በአንዱ ቤት ካሜራ ነው፣ በሌላው ብስክሌት፣ በሦስተኛው ሌላ ነገር ይሆናል።

የእኔ ትውልድ ለኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እንግዳ አይደለም። ማሕሙድ አሕመድን በ‹‹ኧረ መላ መላ›› ያጀበውን ኢቤክስ ባንድን፣ በኋላም ሮሃ ባንድን የሰማ ሁሉ የሰላም ሥዩምን ጊታር ሰምቷል። ድምፁን እናውቀዋለን፤ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ግን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

ልጄ ከቤታቸው የ40 ደቂቃ መንገድ ርቆ ወደሚገኝ አንድ ሠሪ ወሰደኝ። ሰውዬው ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ብቻውን ይሠራል። በዓመት የሚያወጣቸው ጊታሮች ከ15 አይበልጡም። ወረፋውም ከአንድ ዓመት በላይ ነው።

መጀመሪያ ያሳየኝ እንጨቱን ነው። ለአካሉ ማሆጋኒ፣ ለፊቱ ሜፕል የሚባለውን ይጠቀማል። ሳንቃዎቹ ለዓመታት ተደርድረው ይደርቃሉ። ሁለት መርፌ ያለው ትንሽ መሣሪያ እንጨቱ ላይ ሰክቶ እርጥበቱን እንደ ሙቀት መለኪያ ያነባል፤ ከ6 እስከ 8 በመቶ ካልሆነ አይነካውም። ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት ቆይቶ ይጣመማላ! የሜፕሉን ሳንቃ በውፍረቱ ለሁለት ይሰነጥቅና እንደ መጽሐፍ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመሮች በግራና በቀኝ ተመሳስለው መሃል ላይ ይገናኛሉ። ቀለም ሲቀባ እንደ ነበልባል ያብረቀርቃል። ከዋጋው ከፊሉ ይህ ውበት ነው። በድምፁ ላይ ስላለው ድርሻ ግን ሠሪዎች ራሳቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ቀጥሎ አንገቱ ነው። ስድስቱ የብረት ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ አንድ ላይ 45 ኪሎ ገደማ በሚሆን ኃይል ይስቡታል። ይህን ለመቋቋም በአንገቱ ውስጥ የሚጠብቅና የሚላላ የብረት ዘንግ ይቀበራል። የተሰበረ አጥንት በብረት ሲደገፍ ላየ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም።

በአንገቱ ላይ 22 ቀጫጭን ብረቶች በአግድም ይተከላሉ። ፍሬት ይሏቸዋል። ቦታቸው በግምት አይደለም። አንዱ ክፍተት ከሚቀጥለው 1.0595 ጊዜ ይበልጣል፤ በዚህ ስሌት 12ኛው ፍሬት በትክክል የክሩ መሃል ላይ ያርፋል። አንዱ ፍሬት በፀጉር ያህል ከፍ ቢል ክሩ ይነካውና ይነዝራል። ስለዚህ ሁሉንም በሞረድ እኩል ያደርጋል፣ ጫፋቸውን ያድበለብላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ይህ ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ይወስድበታል። ርካሹ ጊታር ላይ የሚቀረው ሥራ ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው፤ ጣት ሲንሸራተት የብረቱ ጫፍ ይቧጭራል።

ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ሲያስኬድ ሳይ ሙያዬ ትዝ አለኝ። ደም ሥሩ ለጠፋ ሕፃን መርፌ ስንተክል ከዓይን ቀድሞ የሚያየው ጣት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ተምረን አናገኘውም፤ በብዙ ክንድ ላይ ተለማምደን ነው። ሰውዬውም ጣቱ እዚህ ለመድረስ ብዙ እንጨት በልቷል።

በክሮቹ ሥር የሚቀመጠው ፒክአፕ ደግሞ የጊታሩ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ማግኔቱ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬልና ከኮባልት ቅይጥ ይሠራል። ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ሽቦ ከ5 ሺህ ጊዜ በላይ ይጠመጠምበታል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያውከዋል፤ በሽቦው ውስጥም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ይህንን ነው። ድሮ ፒክአፑ ከአካባቢው የኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ እምምታም ይዞ ይወጣ ነበር። በ1955 እ.ኤ.አ. ሴት ላቨር የተባለ የጊብሰን ኩባንያ ሠራተኛ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጎ አንዱ የሌላውን እምምታ እንዲያጠፋ አደረገ።

ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ትንሽ ድልድይ ከከብት አጥንት ይሠራል። አጥንቱን ሳይ በገና ታወሰኝ። የእኛ በገና ሠሪ 10 ክሮቹን ከበግ አንጀት አዘጋጅቶ በየክሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ ያስገባል፤ ያ የሚወደደው ንዝረት የሚመጣው ከዚያ ነው። እዚህ ግን ሠሪው ቀኑን ሙሉ የሚታገለው ንዝረቱን ለማጥፋት ነው። የሁለቱ ፍላጎት ተቃራኒ ቢሆንም ጥንቃቄያቸው አንድ ነው።

ሜሪላንድ ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለችም። ፖል ሪድ ስሚዝ የተባለው ጊታር ሠሪ በወጣትነቱ አናፖሊስ ከተማ ውስጥ ሲሠራ ቆይቶ በ1985 እ.ኤ.አ. የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ሥራውን ይዞ ወደ ኮንሰርት መድረኮች ጓዳ እየሄደ ለታዋቂ ተጫዋቾች ያሳይ ነበር፤ ካርሎስ ሳንታና ከቀደሙት ደንበኞቹ አንዱ ነው። በጊታሮቹ አንገት ላይ የሚታዩት የሚበሩ ወፎች የመጡት ወፍ መመልከት ከምትወድ እናቱ ነው። ዛሬ ኩባንያው ትልቅ ፋብሪካ ሆኗል። በልዩ ትእዛዝ የሚሠራቸው በጣም ውድ ጊታሮች አሉት፤ በእስያ የሚያሠራቸው ርካሾችም እንዲሁ።

ከመሄዳችን በፊት ሠሪውን አንድ ነገር ጠየቅሁት። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ አድማጭ ይህን ከርካሹ ይለየዋል? ልጄ አስተረጎመልኝ። ሰውዬው ሳቀና ‹‹አድማጩ ላይለየው ይችላል፤ የሚጫወተው እጅ ግን ይለየዋል›› አለ። እውነተኛ መልስ ስለሰጠኝ ወደድኩት። ‹‹ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፣ እንደ ቤት ቁጠሩት›› የሚል ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ነገሩ ባበቃ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ትርፍ የሚያስገኙት የ1950ዎቹ ዝነኛ ጊታሮች ናቸው። ስሙ ካልታወቀ ሠሪ የተገዛ ግን ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ከተገዛበት ያንሳል።

ዕቃውን መርምሬ ስጨርስ ባልና ሚስቱን መረመርኩ። ምራቴን ለብቻዋ ቡና አፍልቼ አዋየኋት። ቁጣዋ ዶላሩ ላይ ብቻ አልነበረም። ልጅ ሳይወለድ በፊት ልጄ ቅዳሜና እሁድ ምግብ ቤት ውስጥ እየተጫወተ ሌሊት 9 ሰዓት ይገባ ነበር። ያ እንዳይመለስ ትፈራለች። ሌላም ነገር ነበራት። አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች፤ ነርሲንግ መማር ትፈልጋለች፤ ግን የትምህርቱን ክፍያ ጠይቃ አታውቅም። ‹‹ለቤቱ እያጠራቀምን እንዴት እጠይቃለሁ?›› አለችኝ።

ልጄ ደግሞ በፈረቃ ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ የድሮ ጊታሩን ይዞ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ 30 ደቂቃ ይጫወታል። ትንሿ ልጁ ድምፁን ሳትሰማ መዳፏን እንጨቱ ላይ ትለጥፋለች፤ ሲንቀጠቀጥ ትስቃለች። በቀኑ ውስጥ ትከሻው ሲወርድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደም ግፊት ለክቼለታለሁ፤ ይህ ሰዓት እንዲቀርበት አልፈልግም።

ፍርዴን ሁለቱን አስቀምጬ ተናገርኩ። አንደኛ፣ ያ 5 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ለእሷ ትምህርት ይውጣ። ሁለተኛ፣ ጊታሩ ይታዘዝ፤ ሠሪው ጋ ወረፋ ለመያዝ የሚጠየቀው ትንሽ ቀብድ ብቻ ይከፈል፤ ቀሪው በሚጠብቅበት ዓመት ከትርፍ ሰዓት ሥራው ይጠራቀም። በብድር ካርድ አንድ ዶላር እንዳይነካ፤ የቤቱም ቁጠባ እንዳይጎድል። ሦስተኛ፣ ውጭ የሚጫወተው በወር ከሁለት ምሽት አይበልጥ፤ ቀኑንም አስቀድሞ ከእሷ ጋር ይማከርበት።

ልጄ ሁለት ቀን ዝም አለኝ። በሦስተኛው ቀን ለትምህርት ቤቱ የሚሞላውን ቅጽ ራሱ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረላት።

አንድ የጤና ምክር ልጨምር። ቤታቸው ጊታርና አምፕሊፋየር ያለ ወላጆችና አያቶች ጆሮ ጠብቁ። የ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን እስከ 8 ሰዓት ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። የልጅ ጆሮ ከዚህም ያነሰ ይሁን። ልጃችሁ እንጨት ሥራውን ራሱ ልሞክር ካለም ማስክ ያድርግ፤ በተለይ የሮዝውድ ብናኝ ቆዳና ሳንባ ያስቆጣል።

አዋቂ ልጃችሁ እናንተ የማትረዱትን ውድ ነገር ሲመኝ ‹‹አብደሃል?›› ከማለት በፊት ‹‹እንዴት ነው የሚሠራው?›› ብላችሁ ጠይቁት። ሲያስረዳችሁ የሚወደውን ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ግን ዝም ያለው ሰው በዚያው ገንዘብ ምን ሊያደርግ ተመኝቶ እንደነበር ጠይቁ። በየቤቱ አንድ ዝም ያለ አለ።

ጊታሩ ገና አልደረሰም፤ አንገቱ ተጠርቦ ፍሬት እየጠበቀ እንደሆነ ፎቶ ልኮልኛል። የምራቴ የመጀመሪያ ሴሚስተር ውጤት ግን ደርሷል። በአናቶሚ ሀ አምጥታለች።