«የአሜሪካ ሲስቲና» አትበሏት

ቱሪዝም አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ ሩቅ አገር ያለን ቅርስ በአውሮፓ ስም ካልጠራው የሚሸጥለት አይመስለውም። ጎንደርን «የአፍሪካ ካሜሎት» እንዳሏት ሁሉ፣ በፔሩ የአንዲስ ተራሮች ላይ ያለችውን የአንዳዋይሊያስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በጣሪያ ሥዕሎቿ በታወቀችው የቫቲካን ጸሎት ቤት ስም «የአሜሪካ ሲስቲና» ይሏታል። ሄጄ አየኋት። ስሙ አይመጥናትም።

አንዳዋይሊያስ ከኩስኮ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አደባባይዋን ያረጁ የፒሶናይ ዛፎች ያጠሉበታል። የቅዱስ ጴጥሮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳዋ ወፍራም የጭቃ ጡብ ነው፤ ከውጭ ላያት የዋህ ትመስላለች። ውስጧ ግን ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ቦታ የለም። ጣሪያውም ግድግዳውም ሥዕል ነው፤ መንበሩ በወርቅ ተለብጧል።

በ1620ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሊማው ተወላጅ ሠዓሊ ሉዊስ ዴ ሪያኞ በመግቢያው በር የውስጥ ግድግዳ ላይ ሁለት መንገዶች ሣለ፤ እሾሃማውና ጠባቡ ወደ መንግሥተ ሰማያት፣ አበባ የተነሰነሰበት ሰፊው ወደ ገሃነም። ቅዳሴ አስቀድሶ የሚወጣ ሰው ሁለቱን ሳያይ አይወጣም። የሥዕሉ መነሻ የአንትወርፑ ቀራጺ የሂሮኒመስ ቪሪክስ ኅትመት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛም ይመጣል። የቪሪክስ ወንድማማቾች ከሌሎች ጋር ሆነው የቀረጹት የወንጌል ሥዕሎች መጽሐፍ በኢየሱሳውያን እጅ ኢትዮጵያ ገብቶ፣ የጎንደር ዘመን ሠዓልያን እንደራሳቸው አድርገው ሥለውበታል። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ሥዕሉን አስቀርተው ሚስዮናውያኑን ማባረር ችለዋል፤ አፄ ፋሲለደስ በ1630ዎቹ አስወጥተዋቸዋል። የኢንካዎች መናገሻ ኩስኮ በ1533 በስፔኖች እጅ የወደቀችባቸው የአንዲስ ሰዎች ግን ያ ምርጫ አልነበራቸውም። በ1570ዎቹም የስፔን እንደራሴ ፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ በየተራራው ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ገበሬ አደባባይና ቤተ ክርስቲያን ወዳላቸው አዳዲስ መንደሮች በግድ ሰበሰበው። መንደር ምሥረታ ምን እንደሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔን ረጅም ሰዓት ያቆመኝ ወርቁ ሳይሆን የክርስትና ማንሻው ክፍል በር ነው። የጥምቀቱ ቃል በአምስት ቋንቋዎች ተጽፎበታል፦ በላቲን፣ በስፓኒሽ፣ በኬችዋ፣ በአይማራና በፑኪና። ኬችዋን ዛሬም ሚሊዮኖች ይናገሩታል። ፑኪና ግን ተናጋሪ የለውም።

በዚያ ዘመን የደብሩ ቄስ የነበረው ሁዋን ፔሬዝ ቦካኔግራ ኬችዋን አጥርቶ ያውቅ ነበር። በ1631 ሊማ ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ካህናት ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያንን በኬችዋ የሚፈጽሙበት፣ ምእመናንንም የሚያናዝዙበት መመሪያ ነው። ሰዎቹ ኃጢአታቸውን በኪፑ፣ ማለትም አባቶቻቸው ሒሳብና ታሪክ ይይዙበት በነበረው የገመድ ቋጠሮ እያሰቡ መናዘዛቸውን አልወደደላቸውም። በዚያው መጽሐፍ ግን «ሃናቅ ፓቻፕ ኩሲኩይኒን» የተባለ፣ ለእመቤታችን የሚቀርብ የኬችዋ መዝሙር ለአራት ድምፅ ከነኖታው አትሟል። በአሜሪካ አህጉር ከታተሙት የብዙ ድምፅ መዝሙሮች የመጀመሪያው መሆኑ ይነገርለታል። እስከ ዛሬም ይዘመራል።

እኔ ከዚያ የተረዳሁት ይህን ነው። ኃያላን የሰውን ቋንቋ የሚማሩት ሁልጊዜ ከፍቅር አይደለም፤ ልቡን መርምረው ሊገዙትም ይማሩታል። ያም ሆኖ ቋንቋው በእጃቸው አይቀርም። የስፔን ግዛት ፈርሷል፤ የኬችዋው መዝሙር አለ። ውበቷን አድንቆ ግዳጁን የሚረሳም፣ ግዳጁን አይቶ ውበቷን የሚንቅም ይህችን ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ነው ያያት።

ሲስቲናን ፍለጋ የገባ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ቆይቶ ይወጣል። እናንተ ዕድሉ ከገጠማችሁ አስቀድማችሁ በዚያ በር ላይ የተጻፉትን አምስቱን ቋንቋዎች ተመልከቱ። ስትመለሱም ለሰው የምታወሩላትን ቦታ በሮም ስም አታስተዋውቋት፤ አንዳዋይሊያስ በሏት።