ማን ማንን ይጡር?

ከምርቃቶቻችን ሁሉ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ያህል ልቤን የሚነካው የለም። ጡረታ የሚለው ቃልም የተወለደው ከዚሁ ከመጦር ነው፤ ጉልበት ያለው ጉልበቱ የደከመውን ይደግፋል ማለት ነው። ስለዚህም የጡረታ ማሻሻያ «የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ነው» በተባለ ቁጥር እጠራጠራለሁ። ከሒሳቡ በስተጀርባ ማን ማንን ይጡር የሚል ጥያቄ አለና።

ጥርጣሬዬን ያጸናው የቺሊ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980፣ በጄኔራል ፒኖቼ አገዛዝ፣ የሥራ ሚኒስትሩ ሆሴ ፒኜራ ያዘጋጁት የጡረታ ሕግ ወጣ፤ በ1981 ሥራ ላይ ዋለ። ሠራተኛው ከደመወዙ 10 በመቶ እየተቆረጠበት በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ያጠራቅማል፤ ገንዘቡን ለትርፍ የቆሙ የግል ኩባንያዎች ያስተዳድሩታል። አሠሪው ግን ከጡረታ መዋጮ ነጻ ወጣ። ሠራተኛውም የካፒታል ባለቤት እንደሚሆን ተነገረው።

ወታደሩና ፖሊሱ ግን በቀድሞው ሥርዓት ቀሩ። መድኃኒቱ ያን ያህል ፍቱን ከሆነ፣ ሐኪሙ ለገዛ ቤተሰቡ ስለ ምን ነፈገ?

የቀድሞው ሥርዓት እንከን አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ በብዙ ካዝናዎች የተከፋፈለና አድልዎ ያለበት ነበር። ሆኖም አዲሱ አድልዎውን አላጠፋም፤ መልኩን ለወጠው እንጂ። ደመወዙ ትንሽ የሆነ፣ ሥራው የሚቆራረጥ፣ ልጅ ለማሳደግ ከሥራ የወጣች እናት በስማቸው ያገኙት ጥቂት ነው። በድምር ሲታይ ግን ያ ቁጠባ የካፒታል ገበያውን አፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይህን በመቃወም አደባባይ ወጡ። በ2025 የጸደቀው ሕግ የአሠሪውን መዋጮ ቀስ በቀስ መለሰ፤ የግል ሒሳቡና ኩባንያዎቹ ግን ቀጠሉ።

በእኛ አገር የግል ድርጅት ሠራተኞች በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ በጡረታ ታቀፉ፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጡረተኛው አባቴ የሚቀበለው ብር ቁጥሩ ሳይጎድል፣ የሚገዛው ጤፍ ይጎድላል። የዋጋ ንረት ምክር ቤት ሳይቀርብ የሚጸድቅ ማሻሻያ ነው፤ ተከራካሪም የለው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ስለ ጡረታ ማሻሻያ ሲነገርህ ከሒሳቡ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ መዋጮውን ማን ይከፍላል? ገንዘቡን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ሕጉን ካወጡትስ መካከል ለራሱ ሌላ ሕግ ያስቀረ ማን ነው?