ዳገቱን አትዝለዪው

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት

ውድ ልጄ፣

ሥራ ከመያዝሽ በፊት አገርሽን ዞረሽ ለማየት መወሰንሽ ደስ ብሎኛል፤ እግዜር መንገድሽን ያቅናልሽ። የላክሽልኝን የጉዞ ዝርዝር አንብቤዋለሁ። ላሊበላ፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ስሜን፣ ባሌ፣ አርባ ምንጭ፤ ሁሉም ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ቅር ያለኝ በመካከላቸው የተውሽው ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሻገሪው በአውሮፕላን ነው፤ አለዚያም መጋረጃ ዘግተሽ፣ ጆሮሽ ላይ ሙዚቃ ሰክተሽ። እኔ የምመክርሽ ይህችን አገር በዝነኛ ቦታዎቿ ብቻ ሳይሆን በዳገቷና በቁልቁለቷ እንድታያት ነው። ምክንያቴን እንደ ልማዴ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ ታግሠሽ አንብቢው።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ አቀማመጧ ግን የደሴት ነው። በአፍሪካ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው መሬት 80 በመቶ ያህሉ እዚህ ይገኛል፤ ዙሪያውን ደግሞ ሞቃቱ ቆላ ከቦታል። ይህንንም ደሴት ስምጥ ሸለቆ ለሁለት ከፍሎታል። ዋልያ ከስሜን ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ቀይ ቀበሮም ለመራባት የደረሱት ከ500 እንደማይበልጡ የሚገመት ሲሆን፣ በባሌና በጥቂት ሌሎች ተራሮች ላይ ተነጣጥሎ ቀርቷል። ብርድ የለመደ አውሬ ቆላውን አቋርጦ ወደሚቀጥለው ተራራ መሻገር አይሆንለትም። ሰው ግን ይሻገራል። ጨው ከአፋር ወደ ደጋ ይወጣል፣ እህል ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ የዚህ አገር ገበያና ከተማ፣ ውሉና ጠቡም ጭምር፣ በብዛት የምታገኚው ደጋና ቆላ በሚገናኙበት ተዳፋት ላይ ነው። ከአየር ላይ የሚዘለለውም ይኸው ተዳፋት ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የተወለድሽባት ከተማ ትበቃኛለች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሐረርን አልሞ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ሆኖ ስለተገኘ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ ለአዲሲቷ ከተማ መጀመሪያ የተሰጣትም «አዲስ ሐረር» የሚል ስም ነበር። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የደንገጎ ዳገት ባይኖር ድሬዳዋም አትኖርም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያው ዳገት ደግሞ ያስከፍለናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ጎርፉን ያወረደው በላያችን ባለው በተራቆተው ደጋ የጣለው ዝናብ ነበር። ውኃው ወደ ላይ የሚሄድበትም ጊዜ አለ፦ የሐረማያ ሐይቅ በመጠጥ ውኃና በጫት መስኖ ተመጥጦ፣ በደለልም ተሞልቶ ሲደርቅ፣ ሐረር ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውኃ በቧንቧ ተስቦላት መጠጣት ጀመረች። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት ተመልሶ ውኃ ይዟል። ስታልፊ ቆም ብለሽ እዪው፤ ግን የዳነ ነው ብለሽ አትቸኩዪ፤ ዙሪያው ያለው ጫት አሁንም ውኃ ይጠጣል።

ከዚያም ወደ ምዕራብ መተሐራ ስትደርሺ ተቃራኒውን ታያለሽ። የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ የከርሰ ምድር ውኃና የመስኖ ትርፍ እየገባበት ከ40 በላይ ሆኗል፤ ጨዋማ በመሆኑም የሚደርስበትን እርሻና ግጦሽ ያበላሻል። ከጎኑ ያለው የፈንታሌ ተራራ በ2017 ዓ.ም. በተከታታይ ርዕደ መሬት አካባቢውን አናውጦ ብዙ ሺህ ሰው ከቀዬው አስነሥቷል። አንድ ሐይቅ ሲደርቅ፣ በዚያው መስመር ሌላው መንገዱንና ሐዲዱን ሲያሰጋ የሚታየው በመሬት ለሚሄድ ሰው ነው።

ይህ የኛ ዘመን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። ከከተማችን አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች 40 ኪሎ የሚሆን ቀለም ያለው ድንጋይ ትተው ሄደዋል፤ በለገ ኦዳም ከብትና ሰው በድንጋይ ላይ ተሥሎ ይታያል። የሁለቱም ቦታ አቀማመጥ ከደጋውም ከቆላውም ለመጠቀም የሚያመች ነው።

ዝነኞቹ ዝናቸውን ያገኙት በከንቱ ነው ወይ ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ መዝገብን በ12 ቦታዎች ሲከፍት ላሊበላና ስሜን ከመካከላቸው ነበሩ። ነገር ግን 11ዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ያንኑ ደጋ ከገነባው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ላስታን በመኪና ወጥቶ የመጣ ሰው ያን ድንጋይ ገደሉ ላይ ሲያየው ስለሚውል፣ ቤተ ጊዮርጊስ ፊት ሲቆም ማንም ሳያስረዳው የሚገባው ነገር አለ። ውበትን በጂኦግራፊ ትምህርት ታበላሸዋለህ የሚለውን ሙግትሽንም አውቀዋለሁ። እኔ ሊቀ ሊቃውንት ሁኚ አላልኩም፤ በመስኮት እዪ ነው ያልኩት።

ገንዘብና ጊዜን በተመለከተ ግማሹን እቀበልሻለሁ። ሁሉንም በመሬት ልዙር ብትዪ ዓመቱም አይበቃሽም፤ ስለዚህ ከዝርዝርሽ ሁለት ሦስቱን ሰርዢና የቀረውን በዝግታ እዪ። የጸጥታው ነገር ግን ሌላ ነው፤ እሱን በክርክር ልረታሽ አልሞክርም። በሰሜኑም ሆነ በእኛው በምሥራቁ መስመር መንገድ ሁሉ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም። ከዋዜማው የመናኸሪያ ሾፌሮችንና የአካባቢውን ሰው ጠይቂ፤ «ቆዪ» ካሉሽ ቆዪ፤ አለዚያም ያለ ምንም ቅሬታ በአውሮፕላን ሂጂ። የተዘጋ መንገድ ሲከፈት ይታያል። ምክሬ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ዳገቱን ለሚዘል ሰው ነው።

መጀመሪያ ከደጃፍሽ ጀምሪ። ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ በባቡር ሂጂ፤ ሐዲዱ ቆላ ቆላውን ይዞ፣ ግራሩንና ግመሉን እያሳየ በሚኤሶ በኩል አዋሽ ያደርስሻል። አዋሽ ራሱ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ባሕር የማይደርስ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ የሚቀር ወንዝ ነው፤ ድልድዩ ላይ ስትደርሺ አትተኚ። ስትመለሺ ደግሞ በመኪና በጨርጨር ተራሮች በኩል ነይ፤ ከሚኤሶ ወጥተሽ ጭሮን፣ ሂርናን፣ ጨለንቆንና ቁልቢን አልፈሽ በደንገጎ ትወርጃለሽ። መነሻና መድረሻቸው አንድ የሆኑትን ሁለቱን መንገዶች ስታነጻጽሪ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ወረቀት ያልኩሽን ራስሽ ትፈርጂበታለሽ። ሹራብሽን አዋሽ ላይ ብታወልቂውም ሻንጣ ሥር አትክተቺው፤ ቁልቢ ላይ ይበርድሻል።

አባትሽ